የወርቁ ለበጣና የእኛ ለበጣ

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ፣ ከአጠና ተራ ብዙም በማይርቅ አንድ ግቢ፣ የፈረሱ ቤቶች ዕቃ ይሸጣል። በር ከነመቃኑ፣ መስኮት ከነብረቱ፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የጣሪያ ቆርቆሮ በየወገኑ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ይህ ጸሐፊ ወደዚያ ግቢ የዘለቀው በትያትር ምክንያት ነው። በ1920ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ የሚፈጸም ታሪክ ለመድረክ ሲሰናዳ በአንድ ባለጠጋ እልፍኝ ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል መብራት አስፈለገ፤ በየሱቁ የሚሸጠው አዲሱ ዕቃ ደግሞ ዘመኑን የሚያፈርስ ሆነ።

የተፈለገው ዕቃ ተገኘ። ከቆርቆሮው ክምር ሥር፣ ስድስት ክንድ ያለው፣ ቅጠልና የወይን ሐረግ የተቀረጸበት፣ አንድ ክንዱ የተቆለመመ ቀንዲል ተጋድሟል። አቧራውን በጣት ሲጠርጉት ወርቃማ ገጽ ብቅ ይላል። የግቢው ባለቤት ወጣት ነው። ዋጋውን ብጠይቀው «ጋሼ፣ ናስ በኪሎ ነው» አለና ሚዛኑን ሳብ አደረገው። ከየት እንደ መጣ ብጠይቀው «ከፍርስራሽ» አለ። የየትኛው ቤት ፍርስራሽ? እርሱ ከቁራሌው ገዝቶታል፤ ቁራሌው ከአፍራሹ የቀን ሠራተኛ ገዝቶታል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚናገር የለም። ይሁን እንጂ ቀንዲሉ ከጣሪያ ጋር በሚያያዝበት ክብ ነሐስ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የንብረት ቁጥር ይታያል። እንግዲህ ይህ ዕቃ አንድ ወቅት በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ሰፍሮ ነበር ማለት ነው። ቁጥር ነበረው፤ ስም ግን አልነበረውም። ቁጥሩም ቢሆን ከሚዛን አላዳነውም።

በአማርኛችን «ለበጣ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንደኛው የአንጥረኛው ሥራ ነው፤ በርካሹ ማዕድን ላይ ውዱን ማልበስ። ሁለተኛው ከአንገት በላይ የሆነ ሳቅ፣ ከልብ ያልመነጨ ምስጋና ነው። ዛሬ በየመድረኩ ስለ ቅርስ የምንናገረው ከሁለተኛው ዓይነት ለበጣ የሚመደብ ሆኗል ብዬ እከራከራለሁ። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. በካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ክርክራችን ሁሉ በግድግዳው ላይ ነበር፤ ይቁም ወይስ ይፍረስ? በግድግዳው ውስጥ የነበረው፣ በሁለት ሰው ጉልበት ወጥቶ በአንድ ጋሪ የሚጫነው ዕቃ ግን ጠያቂ አላገኘም። ግድግዳውን ማዳን ያቃተው ሰው ቢያንስ መብራቱን ማወቅ አይችልም ነበርን?

በዚህ ጥፋት ሦስት ተካፋዮች አሉ። አንዱ በኪሎ የሚመዝነው ነው። ሁለተኛው የሌለ ስም የሚሰጠው ነው። ሦስተኛው «የእኛ አይደለም» የሚለው ነው። በየተራ እንያቸው።

ሚዛኑ

በኪሎ የሚሸጠውን ወጣት መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። እርሱ የሚያውቀውን ነገር ይመዝናል። ያላስተማርነውን ዕውቀት ልንጠይቀው አንችልም። ስለዚህ ከወቀሳ በፊት ዕውቀቱን እናስቀምጥ።

ወርቅ የለበሰ መብራት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያውና የጥንቱ ሥራ የባዚቃ ለበጣ ነው። ወርቁ በባዚቃ፣ ማለትም በሜርኩሪ፣ ተለውሶ እንደ ሊጥ ይሆንና በነሐሱ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ በእሳት ሲሞቅ ባዚቃው በኖ ይሄዳል፤ ወርቁ ነሐሱን ይዞ ይቀራል። ይህን ሥራ የሠሩ የአውሮፓ አንጥረኞች ብዙዎቹ በጢሱ ተመርዘው ጤናቸውን አጥተዋል። በዚህ ዓይነት የተሠራ ቀንዲል ሞቅ ያለና ጥልቅ ቀለም አለው፤ የቅጠሉ ጫፍ በጠንካራ ድንጋይ ተሽቶ እንደ መስተዋት ሲያበራ ከጎኑ ያለው ገጽ ሆን ተብሎ ደብዛዛ ይተዋል። ብርሃንና ጥላን በአንድ ማዕድን ላይ ማጫወት የባለሙያው ጥበብ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ለበጣ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1840 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ከተሰጠው ወዲህ ተስፋፍቷል። ወርቁ ቀጭን ነው፤ ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ነው፤ እጅና ጨርቅ ደጋግሞ በሚነካው ጉብታ ላይ ቶሎ ይሳሳል። ሦስተኛው በእንጨት ወይም በጄሶ ላይ የተለጠፈ የወርቅ ቅጠል ነው፤ በተላጠበት በኩል ቀይ ወይም ቢጫ ሸክላ መሰል ንጣፍ ይታያል፤ ውሃ ጠላቱ ነው። አራተኛው ወርቅ ፈጽሞ የሌለበት ነው። ወይ የነሐስ ዱቄት የተቀላቀለበት ቀለም ነው፤ ይህ ሲያረጅ ይጠቁራል። ወይም ቢጫ ቫርኒሽ የተቀባ ናስ ነው፤ ይህ ሲላጥ አረንጓዴና ቡናማ ጥቀርሻ ያወጣል።

እነዚህን ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ማግኔት አስጠጉለት፤ ከያዘው ውስጡ ብረት ነው። ገልብጡና ማንም በማያየው ሥፍራ፣ በማያያዣው ውስጥ፣ የተፈጋፈገውን ቦታ ተመልከቱ፤ ቢጫ ከሆነ ናስ፣ ቀላ ካለ መዳብ የበዛበት ነሐስ፣ ግራጫ ከሆነ ዚንክ የበዛበት ርካሽ ቅይጥ ነው። በእጅ አንሡት፤ በቀረጻውም ጥልቀት ላይ ዓይናችሁን አሳርፉ። ከሻጋታ እንደ ወጣ የተተወ ቅጠል ጠርዙ የዶለዶመ ነው፤ በመሮ የተከተለው እጅ ያለበት ቅጠል ግን ሥሩ ሳይቀር ይታያል። መስተዋት የተንጠለጠለበት ከሆነ አንዱን ፈርጥ በጣት ዳስሱ፤ በእጅ የተቆረጠው ጠርዙ ስል ነው፤ በሻጋታ የተጨመቀው ጠርዙ ለስላሳ ነው።

እንግዲህ ሚዛኑ ከእነዚህ አንዱንም አይናገርም። የባዚቃው ለበጣና የቫርኒሹ ናስ በኪሎ እኩል ናቸው። እንዲያውም ጥሩው ሥራ ባዶ ክንድ ያለውና ስስ ሆኖ የተነጠረ ስለሆነ ከደደቡ ዕቃ አንሶ ሊመዝን ይችላል! ሚዛን የሚያከብረው ድድብናን ነው።

ከሚዛን የከፋ ደግሞ አለ፤ እርሱም ማጽዳት ነው። በደግነት ተነሣስቶ በሎሚና በአመድ የሚፈትገው፣ በብራሶ የሚወለውለው፣ በሽቦ የሚሞርደው ሰው መቶ ዓመት የቆየውን ወርቅ በአንድ ከሰዓት ጠርጎ ይጥለዋል። ወርቁ ከጸጉር ውፍረት እጅግ የሚቀጥን ነው። እናቶቻችን የናስ ሰሃን በሎሚና በአመድ ማጽዳታቸው ትክክል ነበር፤ የለበጣ ዕቃ ግን ሰሃን አይደለም። ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። ያልተነካ ገጽ፣ ቢያደፍም እንኳ፣ ከተፈተገ ገጽ ይበልጣል።

ስሙ

ሁለተኛው ጥፋተኛ ከመጀመሪያው ይልቅ የተማረ ነው። ይህ ሰው ከኮልፌው ግቢ በኪሎ የገዛውን መብራት ቦሌ ወስዶ ስም ያወጣለታል። «ከአፄ ምኒልክ እልፍኝ የወጣ» ይላል፤ ገዢው ሲያመነታም «ከመቅደላ የተረፈ» እስከ ማለት ይደርሳል። አዳዲስ ሆቴሎችና ባለገንዘቦች ይህን ስም ገዝተው ከራሳቸው በላይ ይሰቅሉታል።

ለመሆኑ ይህን ለማጣራት ምን ያህል ዕውቀት ይጠይቃል? እሳት ወደ ታች አይንጠለጠልም። ሻማም ሆነ ኩራዝ አፉ ወደ ላይ ነው። አምፖሉ ወደ ታች የሚያይ፣ ክንዱ ከመጀመሪያው ባዶ ሆኖ ተሠርቶ ሽቦው በውስጡ የሚያልፍ መብራት ለኤሌክትሪክ የተወለደ ነው። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ያረፉት በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ነው፤ ኤዲሰን አምፖሉን ለዓለም ያሳየው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው። አፉን ወደ ታች የደፋ የመቅደላ መብራት እንዴት ያለ ተአምር ይሆን? በአንጻሩ የሻማው ጽዋ ኋላ የተበሳ፣ ሽቦው በክንዱ ላይ በውጭ በኩል የተጠመጠመ ቀንዲል ቢገኝ ሁለት ሕይወት የኖረ ነው፤ በሻማ ተወልዶ በኤሌክትሪክ ጎልምሷል። የመጨረሻ ሥርዓቱን ያየ ሰው ደግሞ ብሎኑን ይመለከታል፤ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን በገበያ ላይ የዋለው ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። እርግጥ ብሎንም፣ የአምፖል ማቀፊያም፣ ሽቦም በየጊዜው ይለወጣሉ፤ ስለዚህ አንዱን ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም፤ ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ሊመሰክሩ ይገባል።

የሐሰት ስም ጉዳቱ በገዢው ኪስ ላይ ብቻ ቢሆን ባልተቆጣሁ ነበር። ነገር ግን የሐሰት ስም እውነተኛውን ስም ይገድላል። ያ መብራት ምናልባት በአንድ የአራዳ ነጋዴ ቤት፣ ምናልባት በአንድ ሐኪም ምርመራ ክፍል፣ ምናልባት ትዳር በተፈጸመበት አዳራሽ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህ ትንሽ እውነት «የምኒልክ» በሚለው ትልቅ ውሸት ተሸፍኖ ይቀራል። ቅኔ የሚያውቅ ሕዝብ ነን፤ ሰሙን አልፈን ወርቁን እንፈልጋለን። በዚህ ዕቃ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ ወርቁ ከላይ ነው፤ መፈለግ ያለበት ከሥሩ ያለው ነው።

ባዕድነቱ

ሦስተኛው ጥፋተኛ የራሳችን ወገን ነው፤ በባህል መሥሪያ ቤትና በኪነ ጥበብ ዙሪያ የምንውል ሰዎች ማለቴ ነው። «የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ የመሳፍንት ጌጥ ነው፤ የወራሪ ትርፍ ነው፤ ቅርስማ መስቀሉና ብራናው ነው» እንላለን። ይህ አስተሳሰብ በሕግም ሥር ነበረው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ጥበቃ ያደረገው ከ1850 ዓ.ም. በፊት ለነበረው ሥራ ነው። በዚያ ሚዛን አንድ የኤሌክትሪክ መብራት ፈጽሞ ቅርስ ሊሆን አይችልም ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ግን ቅርስን ሲተረጉም ታሪካዊ፣ ባህላዊ፣ ኪነ ጥበባዊና የእደ ጥበብ ዋጋውን መለኪያ አድርጓል። ሕጉ በሩን ከከፈተ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ እኛ ገና ደጃፍ ላይ ቆመናል።

ባዕድነቱን እንመርምር። ኤሌክትሪክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወደ አፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከገባ በኋላ መብራት የከተማዋ የሥልጣኔ ምልክት ሆነ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል ከመጣው መስተዋትና ነሐስ ብዙው ከድሬዳዋ ወዲህ ያለውን መንገድ በአጋሰስና በግመል፣ በሰው ትከሻም ተጉዟል። የተከፈለበት ዋጋ ከዚህች አገር የወጣ ቡናና ቆዳ ነው። የገበሬው ላብ ያለበትን ዕቃ «የእኛ አይደለም» ማለት ለገበሬው መቆርቆር ሳይሆን ሁለተኛ ጊዜ መቀማት ነው።

ስለ ወራሪውም ቢሆን እውነቱን እንናገር። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን የሠራው ሁሉ የተሠራው ለእኛ አልነበረም። ግን ብሔራዊ ትያትራችን የቆመው ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው በጀመሩት ሕንጻ ላይ ነው፤ በ1948 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት መድረኩ ላይ የታየው የአማርኛ ትያትር ነበር። ድንጋዩን አማርኛ አናገርነው። በቋንቋችንም እንዲሁ አድርገናል፤ አምፖል፣ ላምባዲና፣ ካቻቪቴ ስንል ማን ባዕድነቱን ያስባል? ፒያሳ ማለት በጣሊያንኛ አደባባይ እንደሆነ ዘንግተን ለፒያሳ አልቅሰናል። ቃሉን ከወረስን ዕቃውን ለምን እንተወዋለን?

«የመሳፍንት ጌጥ» የሚለውም ክስ በ1967 ዓ.ም. አብቅቷል። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ሲሆኑ ከጣሪያው የተንጠለጠለውም አብሮ ወርዷል። ቤቶቹ ለቀበሌና ለኪራይ ቤቶች ገቡ፤ ሰፋፊ እልፍኞች በኮምፐርሳቶ ተከፋፈሉ፤ በጌታ ሳሎን የነበረው መብራት ከዚያ ወዲህ ሽሮ በሚንተከተክበት ቤት አበራ። ከመሳፍንቱ ይልቅ ተከራዩ ረዘም ላለ ዘመን ኖሮበታል። ስለዚህ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መልሱ ግልጽ ነው፤ በሥሩ ያነበበ፣ በሥሩ የወለደ፣ በሥሩ የለቀሰ ሰው ሁሉ ነው።

እዚህ ላይ የሚሰነዘር አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሸሽቼው ማለፍ አልፈልግም። «ሰው ከኖረበት ሰፈር ሲነሣ አንተ ለመብራት ታዝናለህን?» የሚል ነው። የሚያሳፍር ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን በራሱ ውስጥ አለ። አርባ ዓመት ከዚያ መብራት ሥር የኖሩት እናት ከየትኛው ክፍል እንደ ወረደ፣ የትኛው ክንዱ መቼ እንደ ተሰበረ፣ ከእርሳቸው በፊት በቤቱ ማን እንደ ነበረ ያውቃሉ። የመብራቱ መዝገብ እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ወደ አንዱ የከተማዋ ዳር፣ መብራቱ ወደ ኮልፌ ሲሄዱ ሁለቱም ምስክራቸውን ያጣሉ። ዕቃውን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ባለቤቱን ቁጭ ብሎ ማናገር አለበት። ስለዚህ ስለ መብራቱ መጠየቅ ሰውየውን መርሳት ሳይሆን፣ ምናልባትም በዚያ ጥድፊያ መካከል ሰውየውን የሚያስታውስ ብቸኛው ጥያቄ ነው።

ምን ይደረግ?

የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። መዶሻው ከመነሣቱ በፊት አንድ ሰው ካሜራና ደብተር ይዞ ይግባ። ዕቃው በተሰቀለበት ቦታ ሳለ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ሰፈሩ፣ የቤቱ ቁጥር፣ ክፍሉ፣ የነዋሪው ቃልና ቀኑ ይጻፍ። ሲወርድ ክንዱና ፈርጡ በአንድ ከረጢት ይታሰር፤ ወረቀቱ በሲባጎ ይንጠልጠልበት። የወለቀ ፈርጥ ለብቻው ዋጋ የለውም፤ ከእናቱ ጋር ሲሆን ግን ዕቃውን ሙሉ ያደርጋል። ሽቦው ያረጀና ጨርቅ የለበሰ ከሆነ ለአደጋ እንዳይዳርግ በአዲስ ይለወጥ፤ አሮጌው ማቀፊያ ግን አይጣል፤ የዕድሜው ምስክር እርሱ ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ንብረት በጨረታ ከማስወገዳቸው በፊት «መብራት፣ አሮጌ፣ አንድ» ብለው የጻፉትን መስመር እንደገና ያንብቡ። ያ መስመር ንብረትን ከሌባ ይጠብቅ ይሆናል፤ ከአላዋቂ ግን አይጠብቅም። የትያትር ቤቶችና የሲኒማ አዳራሾች በተለይ ከራሳቸው ይጀምሩ። ዛሬ የወረወርነውን ነገ ለመድረክ ፈልገን ኮልፌ ድረስ እንደምንሄድ ከዚህ ጸሐፊ ይማሩ።

ነጋዴውም ከዚህ ሥራ አይገለል። በእንግሊዝ አገር የፈረሱ ሕንጻዎችን ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ሳልቮ በሚባል ደንብ ይተሳሰራሉ፤ ዕቃ ይዞ የመጣውን ሰው ማንነትና የመኪናውን ታርጋ ይመዘግባሉ፤ የተሰረቀ ወይም ጥበቃ ከሚደረግለት ሕንጻ ያለ ፈቃድ የተነቀለ የሚመስላቸውን አይገዙም። ይህን የሚያደርጉት ለጽድቅ ብቻ አይደለም፤ ከየት እንደ መጣ የሚታወቅ ዕቃ የተሻለ ዋጋ ስለሚያወጣ ነው። የዋጋ ነገር ከተነሣ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፤ የለበጣው ዓይነት፣ የቀረጻው ጥራት፣ የአካሉ ሙሉነት፣ ያልተፈተገ ገጽ፤ ከሁሉም በላይ ግን ታማኝ ታሪክ። የመጨረሻው በገበያ አይገዛም፤ ዕቃው በሚወርድበት ቀን ካልተያዘ ተመልሶ አይገኝም።

የኮልፌውን ወጣት ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። መብራቱን ለመድረክ ከኪሎው ዋጋ ከፍ አድርጌ ገዛሁት፤ ማያያዣውን ገልብጬም የለበጣውን ድንበር አሳየሁት። በሁለተኛው ጊዜ ስሄድ ከአንድ አሮጌ የግድግዳ መብራት ላይ የካርቶን ቁራጭ ተንጠልጥሎ አገኘሁ። በእስክሪብቶ «ካዛንቺስ፣ ፎቅ ቤት፣ ደረጃ ላይ» ይላል። ቁራሌውን ጠይቆ የጻፈው ነው። ፊደሉ የተጣመመ፣ መረጃው ጎደሎ ነው። ሆኖም ያንን ቀንዲል በቀይ ቁጥር ብቻ መዝግቦ ከሸኘው መሥሪያ ቤት ይልቅ አንድ የካርቶን ቁራጭ የበለጠ ነገር ነግሮኛል።

አባቶቻችን በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ብለዋል። እኛ ከዚያም አልፈን በኪሎ ሸጠነዋል። በሚቀጥለው ሰፈር ተራው ከመድረሱ በፊት ከጣሪያው በታች ቆመን ቀና ብለን እንይ፤ የምናየውንም እንጻፍ። ይህን ካላደረግን በየዓመቱ ስለ ቅርስ የምናሰማው ንግግር ለበጣ መሆኑን የሚመሰክርብን ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የኮልፌው ሚዛን ይበቃል።